ወርዷል እንጂ አልወደቀም

ትናንት ልጄ ዝናብ መትቶት ገባና የቆዳ ጃኬቱን ከበሩ ኋላ ሰቀለው። ውሃው ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ ሲል የረጠበ ቆዳ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጁ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሳለ፣ “መጣ ወይ?” ብዬ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ። ምን ላድርግ፣ ይህ ሽታ እስከ ዛሬ ሆዴን ያባባዋል። የአባዬ ኮርቻ ሽታ ነው።

ጃንሆይ በነበሩበት በመጨረሻዎቹ ዓመታት አባዬ ወልቂጤ ውስጥ የጤና ድሬሰር ነበር። ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ ሰው በመሆኑ ጉራጊኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ ቢሆንም መድኃኒቱን በበቅሎ ጭኖ ያልገባበት መንደር አልነበረም። ሲወጣ የቆዳ ገንባሌውን ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ይታጠቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገንባሌውንም፣ ልጓሙንም፣ ጠፍሩንም ሞራ ስለሚቀባ ጣቶቹ እራት ላይ ሳይቀር ሞራ ሞራ ይሉ ነበር።

አንድ የማይተዋት ልማድ ነበረችው። ከበቅሎዋ እንደወረደ ሁለቱን እርካቦች አንስቶ ኮርቻው ላይ ያጣምራቸዋል፤ ተንጠልጥለው ጎኗን እንዳይመቷት ነው። እማዬ “ለእኔ ጎን እንዲህ ቢያዝንልኝ ምን ነበረበት” እያለች ትስቅበት ነበር።

ያን ቀን የዋቤን ወንዝ ተሻግሮ ሄዷል። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሏል። ለምሳ እደርሳለሁ ያለው ሰው ምሳው ቀዘቀዘ፣ ተሞቀ፣ እንደገና ቀዘቀዘ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ጥልፍ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እማዬ መቀመጥ አቅቷታል። ከሰዓት በኋላ የኮቴ ድምፅ በጭቃው ውስጥ ሰማን። አባዬ ሲመጣ ከደጅ “ቤቶች!” ማለት አይቀርለትም። ጠበቅን። ጥሪው አልመጣም።

“አንቺ እዚሁ ሁኚ” አለችኝና ነጠላ እንኳን ሳትደርብ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ቆየችብኝ። ከዚያ በረጋ ድምፅ “ነይ፣ ነይ እዪ” ስትል ሰማኋት።

በቅሎዋ ብቻዋን ነበረች። የልጓሟ ዛብ ጭቃው ላይ ይጎተታል፣ ጎኗ ይርገበገባል፣ ኮርቻው ባዶ ነው። እማዬ ክንዴን ይዛ አስጠጋችኝና፣ “እርካቦቹን እያቸው” አለችኝ።

ሁለቱም ተነስተው ኮርቻው ላይ ተጣምረዋል።

“አየሽ? ወርዷል እንጂ አልወደቀም። የወደቀ ሰው እርካብ አያነሳም። የሆነ ቦታ ተጠልሎ ሳለ አምልጣው ነው።”

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዲት ሴት እጇን አናቷ ላይ ልትጭን ስትል እማዬ ይዛ አወረደችላትና እርካቦቹን አሳየቻት። ከማዶ ሱቅ የነበራቸው ሽማግሌ ጨው ነጋዴም መጡ። እርካቦቹን አዩ፣ ቀጥለው እማዬን አዩ። “አዎ፣ ወርደዋል። ኢንሻአላህ በደህና ይመጣሉ” አሉ። ወዲያው ወንዶቹን ይዘው እየሮጡ ማለት ይቻላል ወደ ዋቤ ወረዱ።

መሸ። ኮርቻው ቤት ገብቶ ይንጠባጠባል፤ ሽታው አፍንጫዬን ሞልቶታል።

“ወርዶ ነው አይደል?” እላታለሁ።

“ወርዶ ነው፣ ልጄ።”

“ዋቤ ሞልቶ ከሆነስ?”

“ወርዶ ይጠብቃላ።”

“ጅብስ?”

“ሰው ቤት ገብቷላ። አባትሽን የማያውቅ መንደር የት አለ?”

እየተነሳሁ ሄጄ የእርካቦቹን ብረት እዳስሳለሁ፤ ስዳስሳቸው ትንሽ ይቀለኛል፣ ስመለስ ደግሞ ይብስብኛል። በመጨረሻ ራሴን ጭኗ ላይ አሳረፈችኝ። ዛሬ እሷ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ልጄ አምሽቶ ስልኩን ካላነሳ እጄ የሚገባበት ይጠፋዋል። የእሷ እጅ ግን ፀጉሬን ሲዳብስ አይንቀጠቀጥም ነበር።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ነጋዴው አባዬን በአንድ ገበሬ ፈረስ ላይ አስቀምጠው አመጡት። ግራ እጁ በቀርከሃ ስንጥር ታስሯል፤ አንደኛው ገንባሌ ከላይ እስከ ታች ተልጧል። ደጁ በእልልታ ተሞላ። አባዬ ገና አረፍ ከማለቱ ወሬውን ጀመረው።

“ጎርፉ ግንድ ሲያንከባልል አይታ ደነበረችና ወረወረችኝ። እግሬ እርካቡ ውስጥ ቀርቶ በዚያ ሁሉ ድንጋይ ላይ ጎተተችኝ። ይህ ገንባሌ ባይኖር እግር አይኖረኝም ነበር።”

“እርካቡ ውስጥ?” አልኩት።

“እርካቡ ውስጥ። እግዜር ሲለው ሾልኮ ወጣልኝ እንጂ። እሷማ እርካቦቹ ጎኗን እየደበደቧት ስትፈረጥጥ በዓይኔ አየኋት።”

ወደ እማዬ ዞርኩ። ጎንበስ ብላ የገንባሌውን ማሰሪያ ትፈታ ነበር፤ ቀና አላለችም። ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ ማሰሪያው እምቢ ብሏታል።

“ውሃ አሙቂ” አለችኝ።

ሄጄ አሞቅሁ። ያን ጊዜም ሆነ በኋላ፣ እስክትሞት ድረስ፣ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ዝናቡ ውስጥ ብቻዋን በወጣችበት በዚያች ጊዜ የተንጠለጠሉትን እርካቦች ያነሳቻቸው እሷ ነበረች። እኔ ወርዷል ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ። እሷ መውደቁን እያወቀች፣ እንዳልነቃባት ጭኗን ሳታንቀሳቅስ አደረች።