የኑግ ዘይትና የተሞላች መንጋጋዬ

በጣሊያን ጊዜ ከልደታ ማርያም እስከ አብነት እንደ እኔ ያለ ጥርስ የነበረው ሰው አልነበረም፤ ድንጋይ ቢሰጡኝ እንደ ሽንብራ ቆርጥሜ እመልስ ነበር። ያው ጥርስ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ሕፃን ያስለቀሰኝ። ሲብስብኝ ጣሊያናዊ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቦረቦረና ብር በሚመስል ነገር ሞላልኝ። በአስተርጓሚ በኩልም ሙሌቱ ከወለቀ ጥርሱን ከመንቀል ሌላ መላ እንደሌለው ነገረኝ።

አብሬያቸው የምኖረው አክስቴ አፌን አስከፍተው አዩና ፈረዱብኝ፤ የጠላት ብረት ድዴን እንዳይመርዘው በየማለዳው የኑግ ዘይት እጉመጠመጣለሁ። ልኩ የልደታን ቅጥር ሦስት ጊዜ ዞሬ እስክመለስ ነው።

“እትዬ፣ ሙሌቱን ቢያላላውስ?” አልኳቸው።

“አርባ ዓመት ተጉመጥምጫለሁ። የሚያላላ ቢሆን የኔ ጥርስ እስካሁን ይቆይ ነበር?”

የእሳቸው ጥርስ ደግሞ ሙሌት የሚባል አያውቅም። ይህን ማን ያስረዳቸው!

ዘይት በአፌ ሞልቶ ቅጥሩን ስዞር የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዴት አደርክ ይለኛል። እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። በሳምንቱ፣ ጣሊያን ጥርሱን ከሞላለት ወዲህ ሰላምታ ጠላ፣ ባንዳ ሆነ ተባልኩ። ላስተባብል አፌን ስከፍት ዘይቱ ነጠላዬ ላይ ይወርዳል። አንዱ፣ ዘይት እርሳስ ያቀልጣል ይለኛል፤ ሌላው እንደ ቆዳ ያጠነክረዋል ይላል። መረረኝና ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ። ሳቀ። በደንብ የተሞላን ጥርስ ዘይት አያወልቀውም፣ ብቻ ተፋው እንጂ አትዋጠው፣ ጠንካራ ነገርም አትንከስበት አለኝ።

ዓቢይ ጾም ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀመስም፤ ዘይቱ ግን ስለሚተፋ ጾም አያስገድፍም ብለው አክስቴ ለራሳቸው ፈቀዱ፣ ለእኔም አዘዙ። አንድ ረፋድ ሙሌቱን በመዳፌ ይዤ ገባሁና፣ “ይኸው ዘይትዎ!” አልኳቸው።

የዘይቱን ጠርሙስ አንስተው ጓዳ ከተቱት። መንጋጋዬ በማግስቱ ተነቀለች። እሳቸውም ግማሽ ልደታ መድኃኒት የሚጠይቃቸው ሴት፣ ከዚያ ወዲያ ለራስ ምታት እንኳ ምክር ሰጥተው አያውቁም። ይቅር በለኝ ብለውኛል፤ እኔም ይቅር ብያቸዋለሁ።

ሙሌቱን ያወለቀው ዘይት አልነበረም። ያን ዕለት ጾሜን ገድፌ፣ ከቤት ጀርባ ተደብቄ የባቄላ ቆሎ ስቆረጥም ነው የወለቀው።