ኤሊው የማሰው ጉድጓድ

ኤሊው ጉድጓድ መማስ የጀመረው እናቴ ክኒኗን መዋጥ በተወችበት ሰሞን ነው። የቱ እንደቀደመ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። እሷ ግን እርግጠኛ ነበረች። መርሳ ከተማ ባለው ግቢያችን፣ ከፓፓያው ሥር፣ ኤሊው ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ በኋለኛ እግሮቹ አፈሩን ሲዝቅ ከመደቧ ላይ ሆና በበሩ በኩል አየችውና «በቃ፣ ታዘዘ» አለች።

ኤሊውን ያመጣው አባቴ ነበር። ለፍየል ንግድ ቆላ ወርዶ ሳለ ከመዳፍ የማይበልጥ ሆኖ አገኘውና በኮቱ ኪስ ይዞት መጣ። እኔ ያኔ የወተት ጥርሴ እንኳ አልረገፈም። ከዚያ ወዲህ ኤሊው ሌላ ኤሊ አይቶ አያውቅም። የፓፓያና የማንጎ ልጣጭ እየበላ ከእኛ ጋር አደገ። ወንድ ነው ብሎ የነገረን ማንም የለም፤ ዝም ብለን ወንድ አልነው እንጂ። በጦርነቱ ጊዜ ሸሽተን ስንመለስ ከቤቱ ድስት እንኳ አልተረፈልንም፤ እሱ ግን ጓሮ ቅጠል ሥር ተቀብሮ ቆይቶ የአባቴን ድምፅ ሲሰማ ብቅ አለ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ እናቴ ኤሊውን «አደራው» ነው የምትለው።

እንግዲህ ይህ ኤሊ ነው ጉድጓድ የማሰው። አባቴ ሊሞት ሰሞን ውሻችን በራችን ላይ ምሶ ነበር። ደጅ የሚምስ እንስሳ የቤቱን ሰው መቃብር ይምሳል ይባላል በእኛ ሰፈር። ሼሁ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፣ እንዲህ ማለት ከእምነት ያወጣል ይላሉ። እናቴ በሼሁ ፊት ራሷን በእሺታ ትነቀንቅና፣ እሳቸው ሲወጡ የራሷን ታምናለች።

ይባስ ብሎ ጉድጓዱ ተራ ጉድጓድ አልነበረም። ጎረቤታችን፣ የሴት ሬሳ ለጀናዛ በታጠበ ቁጥር የማይጠፉት አሮጊት፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከተቱበት። አፉ ጠባብ ነው፤ ከታች ግን ወደ ጎን ሰፍቷል።

«አጀብ!» አሉ። «ለህዱን ሁሉ አውጥቶለታል እኮ!»

ለህድ ማለት ከመቃብሩ ሥር ወደ ጎን የሚፈለፈለው፣ ሬሳው የሚጋደምበት ቦታ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እናቴ በሩ አጠገብ ተጋድማ እየሰማች ነበር።

የእናቴ ሕመም የልብ ነው። እግሮቿ ያብጣሉ፣ ከመደቧ እስከ በሩ ስትሄድ ትንፋሽ ያጥራታል። የወልድያው ሐኪም ክኒኑን ካላቋረጠች ብዙ ትቆያለች አለኝ። ካቋረጠችስ ብዬ ስጠይቀው ወረቀቱን እያየ ዝም አለ። ያን ዝምታ ይዤ ነው ወደ መርሳ የተመለስሁት። በጉድጓዱ ሰሞን ክኒኑን ስሰጣት ምላሷ ሥር ትይዘውና ዞር ስል ትተፋዋለች። ምግብም ቀነሰች። ፈርታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ፍርሃትን ማባበል ይቻላል። እሷ ግን ነገ የሚሄድ ሰው መስላ ዕቃዋን ታሰናዳለች።

አንድ ቀን ከሳጥኗ ነጭ አቡጀዲ አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

«ከፈን አይሰፋም፣ ይቆረጣል እንጂ» አለችኝ። «መቀስሽ ስለታም ነው። ያንቺ እጅ ይቁረጥልኝ።»

«እኔ ላንቺ ቀሚስ ነው የምሰፋ!» ብዬ ጨርቁን ወረወርሁት። ከዚያ ወጥቼ የኤሊውን ጉድጓድ በድንጋይ ሞላሁት፣ በላዩም ረገጥሁት።

እሱም ማንጎው ሥር ሄዶ ማሰ። ሞላሁት። አጥሩ ጥግ ሄደ። እዚያም ሞላሁት። ከኤሊ ጋር እልህ የተጋባ ሰው ካለ እኔ ነኝ። በመጨረሻ ተሸክሜ ወሰድሁና ወለሉ ሲሚንቶ የሆነው ማድቤት ውስጥ ዘጋሁበት። እስቲ ሲሚንቶ ቆፍር አልሁት።

እናቴ «የታዘዘውን ነው የሚሠራ፣ ምን አደረገሽ?» ብትለኝም አልሰማኋትም።

ሲሚንቶውንም ቆፈረ። ቀኑን ሙሉ ሲፍቅ እየሰማሁ እሰፋለሁ። ውሎ ሲያድር ፓፓያውን አልነካም አለ፣ የኋላ እግሮቹ ተልጠው ወለሉ ላይ የደም ፈለግ ታየ። ያኔ እልሄ ጠፋና ፍርሃት ገባኝ። አደራው በእኔ እጅ ከሞተ እናቴ ያን ቀን እንደምትከተለው አወቅሁ። በጆንያ ከትቼ ባጃጅ ተሳፈርሁና ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወሰድሁት። ባለ ባጃጁ «ተሳፋሪው ወንበር አልያዘምና አላስከፍለውም» ብሎ ሳቀብኝ። ሐኪሙ ገልብጦ አየው፣ መልሶ ገለበጠው።

«ላም ብትሆን ሆዷን አዳምጥ ነበር» አለኝ። «ይሄ ድንጋይ ለብሶ ምኑን አዳምጠዋለሁ? ፀሐይ አሙቂው።»

ተመልሼ ማድቤቱ ውስጥ አስቀመጥሁትና ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ያ ረቢ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ አትውሰድብኝ፣ አቅም የለኝም እያልሁ ድምፄን አውጥቼ ነበር የማለቅሰው። ለማን እንደማለቅስ እንኳ አላውቅም ነበር።

እናቴ ግድግዳውን ይዛ መጣች። ከመደቧ ከተነሣች ሰንብታ ነበር።

«ምነው፣ ገና ሳልሞት ታለቅሺልኛለሽ?» ብላ ልትቆጣኝ ስትል ዓይኗ ኤሊው ላይ ዐረፈ። ኤሊው አንገቱን አውጥቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ኋላውን ወጥሮ ቆየ። ከዚያ ረገብ አለ። እንደገና ወጠረ። እናቴ ግድግዳውን ለቀቀችና የራሷን ወገብ ያዘች።

«ኧረግ!» አለች። «ያዝ ለቀቅ እያደረጋት ነው። አንቺ ልጅ፣ ይህ እኮ ምጥ ነው!»

«የምን ምጥ? ወንድ አይደለም እንዴ?»

«ወንድ ያልነው እኛ! አንቺን ወልጄ ምጥ ይጠፋኛል? አውጫት! ወደ አፈሩ አውጫት!»

ሳነሣት አንድ እንቁላል ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተሰበረ። ነጭና ድብልብል ነበር፤ አስኳሉ እግሬ ሥር ፈሰሰ። ጮህሁ። እናቴ «አብሽሪ፣ ሌላ አለ ሆዷ ውስጥ» አለችኝ፤ «አብሽሪ» ስንት ጊዜ እኔ እሷን የምላት ቃል ነበር።

ፓፓያው ሥር የሞላሁትን ድንጋይ በእጄ እየዛቅሁ አወጣሁ። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ለሶላት የምትታጠብበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ አፈሩ እንዲርስ ታፈስላታለች። ኤሊዋ በዚያ በተላጠ እግሯ ማሰች። ታርፋለች፣ ትምሳለች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እንቁላሎቹ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። እያንዳንዱን በእግሯ ዳስሳ ወደ ጎን፣ ወደዚያ ለህድ ወዳልነው ቦታ ትገፋዋለች። እናቴ በእያንዳንዱ «አልሃምዱሊላህ» ትላለች።

ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምተው ሲመጡ እናቴ «ኑ ለህዱን እዩት!» ብላ ሳቋ ሳል እስኪሆን ሳቀች። አሮጊቷ አፋቸውን ያዙ። «አላህ ሳይደግስ አይጣላም» አሉና «ባሏስ?» ሲሉ ጀመሩ። እኔ በዓይኔ ተቆጣኋቸው፤ ጥያቄያቸውን ዋጡት።

«ለአራሷ ገንፎ አገንፊ» አለችኝ እናቴ።

«ኤሊ ገንፎ አትበላም፣ እማ።»

«እኔ እበላላታለሁ።»

በላችላት። ሳህኑን በጣቷ ጠረገችና እጇን ዘርግታ ክኒኗን ራሷ ጠየቀች። «እስኪፈለፈሉ እንኳ ዱንያ ላይ ልሰንብት» አለች። እኔም ከድስቱ የተረፈውን ገንፎ ቆሜ ጨረስሁት።

እንደማይፈለፈሉ አውቅ ነበር። ከአባቴ ኪስ የወጣች፣ ወንድ አይታ የማታውቅ ኤሊ ምን ትፈለፍላለች? ለጎረቤታችን «አደራዎን፣ እሷ ፊት ስለ ባል አያንሡ» አልኋቸው። እንቁላሎቹ የተቀበሩበትን በእሾህ አጠርሁት። ሳምንቱ ሲያልፍ «ኤሊ እንደ ዶሮ አይደለም፣ ይዘገያል» አልኋት። ወሩ ሲያልፍ «ዓመትም ይፈጃል አሉ» አልኋት። ማን እንዳለ አልጠየቀችኝም። ጠዋት ጠዋት አፈሩን አይቼ ስመለስ «ገና ነው» እላታለሁ፣ ክኒኑን ትውጣለች። ተስፋ የምትቆርጥበትን ቀን እየፈራሁ መስፋት አቃተኝ፤ የደንበኛ እጅጌ ገልብጬ እሰፋ ጀመር።

ክረምቱ ሲገባ እግሮቿ እንደገና አበጡ። የወልድያው ሐኪም ክኒን ጨመረና እንደ ፊቱ ወረቀቱን አየ። በማግስቱ ጠዋት አፈሩን አይቼ፣ ክኒኑንና ውሃውን ይዤ ገባሁ።

«ገና ነው፣ እማ።»

«ልጄ» አለችኝ፣ «ዕድሜ ልኬን ዶሮ አርብቼ፣ አውራ ያልነካው እንቁላል እንደማይፈለፈል የሚጠፋኝ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ክኒኑን ለምን ስትውጪ ኖርሽ?» አልኋት።

«ያን ቀን ማድቤቱ ደፍ ላይ ስታለቅሺ ሰማሁሽ» አለች። «እኔስ ጠግቤያለሁ። አንቺ ነሽ ያልጠገብሽኝ።»

እጇን ዘረጋች። ክኒኑን መዳፏ ላይ አኖርሁት፤ ብርጭቆውንም ከእጄ ወስዳ ራሷ ጠጣች።