እግሯ የረዘመው መኪናችን

ዛሬም በጋራዥ በር ሳልፍ የተቃጠለ ዘይት ከባሕር ዛፍ ከሰል ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ከሸተተኝ፣ እግሬ ሳላዘው ይቆምና ደባርቅ ያለው ግቢያችን ፊቴ ላይ ይመጣል። አባቴ በደርግ ጊዜ የመንገድ ሥራ ሹፌር ነበር፤ ከካምፕ ተጥላ ሣር የበቀለባትን አሮጌ ላንድሮቨር ለምኖና አስፈርሞ ወደ ግቢያችን ካስገባት ጊዜ ጀምሮ፣ የዕረፍት ቀኑን ሁሉ ሆዷ ሥር ተጋድሞ ይውል ስለነበር፣ እናቴ «እኔን ያገባ መስሎኝ፣ ለካ እሷን ኖሯል» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ግን ለማን እንደሚለፋ እሷም ታውቀው ነበር። እኔ ገና ድክ ድክ ስል በቅሎ ጥላት ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ወጌሻው ቢጠግናትም እንደ ድሮዋ አልሆነችም፤ በግቢ ውስጥ በከዘራ ትራመዳለች እንጂ በቅሎ ላይ መቀመጥም ሆነ ሩቅ መሄድ አትችልም ነበር። የተወለደችበት መንደር ደግሞ ከዳባትና ከደባርቅ መካከል ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ወደ ስሜን ተራራ ግርጌ የሚወጣ ዳገት ላይ ነው። አያቴ እማማ ብርቄ እዚያ ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ወደ ከተማ መውረዱ አልሆነላትም። እናትና ልጅ የአንድ ጥዋት መንገድ ተለያይተው፣ በገበያተኛ አፍ ብቻ ሰላምታ እየተላላኩ ዓመታት ቆጠሩ። የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ሊወስዷት ቢለምኗትም እምቢ አለች።

«በሰው ትከሻ የምገባው የሞትሁ ዕለት ነው» ትል ነበር። «እናቴ ቃሬዛ ያየች እንደሆን ሬሳዬ የመጣ ይመስላታል። ከገባሁ በእግሬ ነው በሯን የምረግጠው።»

አባቴም «እንግዲያው እስከ በሩ ድረስ አደርስሻለሁ» ብሎ ማለላት። ለኅዳር ጽዮን፣ ለመንደሩ ማርያም ንግሥ፣ ይደርሳሉ ተባለ።

የደባርቅ ክረምት ጉም ነው፤ ጠዋት ከቤት ስንወጣ መኪናዋ ከደጃፋችን ቆማ አትታየንም ነበር። አባቴ በዚያ ክረምት ጎማዎቿን ፈትቶ፣ ባሌስትራዎቹን፣ ማለት አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው መኪናዋን የሚሸከሙትን ቆልመም ያሉ ብረቶች፣ አወረደና ከተገለበጠ የጭነት መኪና ያገኛቸውን ወፋፍራም ብረቶች ጨመረባቸው። ብረት በበዛ ቁጥር ጉልበት የሚበዛ መስሎት ነበር። መኪናዋ እውነትም ከፍ ብላ ቆመች፣ እኛም አጨበጨብን። ከዚያ እናቴን ደግፎ ከፊት አስቀመጣትና ከግቢያችን በታች ያለውን የጎርፍ ቦይ ሊያሻግራት ሲሞክር፣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ሌላው ከድንጋዩ ጋር ተላተመ፣ እናቴም ጥርሷን ነክሳ ዳሌዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይቺ የጭቃ መደብ ናት» አለችው ስትወርድ። «በቅሎ ገደል ስትወርድ አይተሃል? እግሯን አስቀድማ ትልክና መሬቱን ትዳብሳለች። ያንተዋ እግሯን ሰብስባ ነው የምትዘል።»

«የጣለችሽ እኮ በቅሎ ናት፣ ጥሩዬ።»

«የጣለችኝ ደንግጣ ነው። አረማመዷንማ ምን እላታለሁ?»

 አባቴ በማግሥቱ የጨመረውን ብረት ሁሉ መፍታት ጀመረ።

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባው አጥሩን ሲሞላው፣ ዳባት የሚኖር የአባቴ ወዳጅ፣ አያ ታከለ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ፣ ወናፉን ተሸክሞ መጣና ግቢያችን ውስጥ ከሰል አቀጣጠለ። አሁን የሚፈልጉት ብዙ ብረት ሳይሆን ረጅምና ሳሳ ያለ ጥቂት ብረት ነበር፤ የጭነት መኪናውን ባሌስትራ እያጋሉ፣ እየቀጠቀጡና እያሳሱ፣ ቅርጹን ከያዘ በኋላ እንደገና አግለው በተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ሲነክሩት፣ ቤታችን፣ ልብሳችን፣ የምንበላው ዳቦ ሳይቀር ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። የባሌስትራውን ማንጠልጠያም አስረዘሙት፤ የመኪናዋን ዝላይ የሚያበርደውን አሞርዛተርም ረዘም ባለ ቀየሩት። አባቴ «ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር እግሯን ዘርግታ መሬት እንድትፈልግ ነው» እያለ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያስረዳ ነበር፤ እንግዳው ደግሞ የመጣው ሊጠይቀን እንጂ ስለ ባሌስትራ ሊማር ስላልነበረ፣ ጠላውን ይዞ ራሱን ይነቀንቃል።

ጥቅምት ላይ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ሙከራው ተጀመረ። አባቴ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ከኋላ ይጭነንና «ኩንታል አይንቀሳቀስም!» እያለ ይቆጣናል፤ እኛም በሳቅ እየተንፈቀፈቅን ኩንታል ለመሆን እንሞክር ነበር። አንድ ቀን አንዱን የፊት ጎማዋን ካብ ላይ አወጣው፤ ሌላው ጎማ ወደ ታች ወረደ፣ ወረደና መሬት ነካ፣ አባቴም «ነካች! ነካች!» ብሎ ሳይጨርስ፣ አጭሯ የፍሬን ቱቦ ተበጥሳ፣ መኪናዋ ከነኩንታሎቿ ወደ ኋላ ተንሸራትታ የእናቴን የድንች መደብ ደፈጠጠችው። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እግሯን አስረዝመህ ጅማቷን ረሳኸው!»

ረጅም ቱቦ ተፈልጎ ተገጠመ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ የጎርፉን ቦይ እንደ ሰው እየተራመደች ትሻገረው ጀመር። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን አባቴ ሰው ነው፤ የለፋበትን ሰው እንዲያይለት አማረው። ኅዳር በገባ፣ በገበያ ቀን፣ ከገበያው በላይ በቅሎ እንኳ ዞራ የምትወጣውን ድንጋያማ ተረተር ፊት ለፊት ወጣበት። ገበያተኛው እልል አለ። ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር።

ንግሡ ገና ሳለ፣ አንድ ጠዋት ሊቀ መንበሩ በራችን ላይ ቆመ። በሰሜን ጦርነቱ እየበረታ፣ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የወታደር መኪና እየበዛ የሄደበት ጊዜ ነበር።

«ጓድ ሙላት፣ መኪናዋ ለግዳጅ ተፈልጋለች። ሌላ መኪና የማይገባበት ትገባለች አሉ። ነገ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ ትቁም።»

አባቴ «እሺ፣ ጓድ ሊቀ መንበር» ብቻ ብሎ ሸኘውና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር!» አለ፣ ራሱን በመዳፉ እየመታ። እናቴ አልወቀሰችውም። ነጠላዋን ከምስማሩ ላይ አወረደችና ከዘራዋን አነሳች።

«ነገ አይደል ያሉህ?» አለችው። «ታዲያ ዛሬ ምን አስቀመጠህ?»

እናቴ ለንግሥ ያዘጋጀችውን ቀሚስ ሳትለብስ፣ የተጠመቀው ጠላ ሳይደርስ፣ በኩፖን ያጠራቀምናትን ቤንዚን ጠጥታ መኪናዋ ተነሳች። ከዋናው መንገድ ስንገነጠል አባቴ ፍጥነቱን ቀነሰ። ወንዙ ዳር፣ መንገዱን የዘጋ የሚመስል ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ነበር። አባቴ ማርሹን ቀይሮ «ጥሩዬ፣ ያዢ» አላት፤ እናቴ ከፊቷ ያለውን መያዣ ጨብጣ ከወንበሯ ብድግ አለች። አንዱ ጎማ ድንጋዩ ላይ ወጣ፣ ሌላው እግሩን ዘርግቶ ወደ ውኃው ወረደና መሬቱን አገኘ። እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ጥርሷንም አልነከሰችም።

እማማ ብርቄ አጥሯ ሥር ፀሐይ እየሞቀች ባቄላ ትፈለፍል ነበር። መኪናዋ ማድጋዋን ልትነካ ምንም ሳይቀራት ቆመች። እናቴ የማንንም ትከሻ ሳትይዝ ወረደች፤ ከዘራዋን እንኳ መኪናዋ ውስጥ ተወችው። አያቴ በደከመ ዓይኗ ወደ ድምፁ ዞረችና «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«በምን መጣሽ?»

«በእግሬ።»

አያቴ ባቄላውን ከጭኗ በትና ተነሣች። የልጅዋን ፊት፣ ትከሻ፣ ከዚያ ዳሌዋን ዳበሰች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለስን፣ በማግሥቱም አባቴ መኪናዋን ጠራርጎ፣ ባሌስትራዋን ዘይት ቀብቶ አስረከበ። ተመልሳ አልመጣችም። እማማ ብርቄ በሚቀጥለው ክረምት ዐረፈች፤ እናቴ አልቅሳ ስታበቃ «ዳብሳኛለች» ትል ነበር።

አሁን ወደ መንደሩ መኪና የሚያስገባ ጥርጊያ መንገድ አለ፣ ወንዙም ድልድይ ተሠርቶለታል። አባቴ ግን የለም። በየዓመቱ ለኅዳር ጽዮን እናቴን ይዣት እሄዳለሁ፤ መኪናዬ አዲስ ናት፣ ጉድጓዱን ሁሉ ውጣው ትሄዳለች፣ ከደባርቅ ተነሥተን ወሬያችንን ሳንጨርስ እንደርሳለን። መንገዱ ያጠረውን ያህል ያንን ቀን እናፍቃለሁ። ባለፈው ዓመት ድልድዩ ጋ ስንደርስ እናቴ ድንገት መያዣውን ጨብጣ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እማዬ፣ ድንጋዩ እኮ ተነሥቷል» አልኋት።

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ እጇን ሳታነሳ። «እዚህ ጋ አባትሽ ቀስ ይል ነበር።»

እኔም ቀስ አልሁ።