ባልዲው አጠገብ ያልተናገርኩት

ፖሊሶች ያፈሱኝ አውቶቡስ ተራ ቆሜ ለአንድ መንገደኛ ስለ ኢየሱስ ስነግረው ነው። ከምርጫው በኋላ በነበረው ግርግር ለመታፈስ ወጣት መሆን በቂ ነበር። "ምን ስትቀሰቅስ ነበር?" አሉኝ። ወንጌል ነው ስላቸው ሳቁ።

የጣቢያው ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው የሽንት ባልዲ አለ። የመኝታ ቦታ የሚደለድለው የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦው ነው። አማኝ መሆኔን ሲሰማ "እኔም የጌታ ነኝ" ብሎ አቀፈኝና ከባልዲው የራቀ ቦታ ሰጠኝ። ደስ አለኝ።

ባልዲው አጠገብ የሚተኙት ሱቅ ዘግተው አድመዋል ተብለው ከጎጃም በረንዳ የተያዙ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ሐጂ እንላቸዋለን። ሰው በሸና ቁጥር ይረጫቸዋል። ሽንት በነካው ልብስ ደግሞ ሶላት አይሰገድም። የመጠጥ ውሃቸውን ሳይጠጡ ሽርጣቸውን ያጥቡበታል፤ ገና ሳይደርቅ እንደገና ይረጫል።

ካቦው ይህን አሳምሮ ያውቃል። አንድ ቀን ከቆጠራ በኋላ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

"ሐጂ፣ ለምን ይሠቃያሉ?" አለ ድምፁን አለስልሶ። "ጌታን ይቀበሉና ዛሬውኑ መስኮቱ ሥር ይተኛሉ።"

ከባልዲው ይልቅ እሱ ሸተተኝ። እኔ በየመናኸሪያው በነፃ ስናገረው የኖርኩትን ቃል በሽንት ይነግድበታል!

"አልሐምዱሊላህ፣ እዚሁ ይሻለኛል" አሉ ሐጂ።

ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ተነሳሁ። "ሐጂ፣ እርስዎ እኔ ቦታ ይሂዱ።"

"እዚያ ከተኛህ መመለስ የለም" አለኝ ካቦው።

"አልመለስም።"

ክፍሉ በሙሉ ያየው ስለነበር ሊከለክል አፈረ።

በማግስቱ ሐጂ በደረቀ ሽርጥ ሰገዱ። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ። "ልጄ፣ ለመሆኑ ለሰው የምትነግረው ምንድን ነው? እስቲ ለኔም ንገረኝ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ጥያቄ ነበር።

"እዚህስ አልነግርዎትም" አልኳቸው። "የመኝታው ዋጋ ይመስላል።"

ትክ ብለው አዩኝና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ዛሬም የሽንት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ የሚሰማኝ ያ የካቦው የለሰለሰ ድምፅ ነው፤ ያንገሸግሸኛል። ከእኔው ወገን አፍ መውጣቱ ይብሳል። ሐጂ እስከ ዛሬ ሶላታቸውን አልተዉም፤ እኔም መናገሬን አልተውኩም። ግን ሁለታችንም ከተፈታን በኋላ በጎጃም በረንዳ ሳልፍ ከሱቃቸው ጠርተውኛል። ዱካ አውጥተው አስቀመጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ፣ ገበያተኞቹንም ቆዩ አሏቸው።

"በል አሁን ንገረኝ" አሉ። "እዚህ ባልዲ የለም።"