እማዬ ጣሊያናዊቷን የደገፈች ቀን

ዛሬ ከሥራ ስመለስ የሳይክል ትራኩ አጠገብ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ቆምኩ። ልጃገረዶች ይለማመዱ ነበር። የጎማዎቹ ድምፅ ካስልሪጅ የሚባል ሰፈር ወዳለው የልጅነት ሳሎናችን መለሰኝ።

ቤዝመንታችንን የተከራዩት፣ አስመራ ያደጉት ጋሼ በርሄ የሳይክል ውድድር የሚያዩት እኛ ቲቪ ላይ ነበር። የሚደግፉት በመንገድም በትራክም ሻምፒዮን የሆነችውን አንዲት ጣሊያናዊት ነው። አንድ ጠዋት እማዬ ከናይት ሺፍት ገባችና ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ "ጋሼ፣ ከሰው ሁሉ መርጠው ጣሊያን ይደግፋሉ?" አለቻቸው።

"መንገድ ላይ ወድቃ አጥንቷ ሲሰበር አይቻለሁ" አሉ ጋሼ ዓይናቸውን ከቲቪው ሳይነቅሉ። "በዓመቱ ተመልሳ ስታሸንፍም አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ናት።"

የዚያን ቀኑ ውድድር በየዙሩ ኋላ የቀረችው የምትወጣበት ነበር። ጣሊያናዊቷ ደጋግማ መጨረሻ ትሆንና ለጥቂት ታመልጣለች። እማዬ መጀመሪያ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀጥላ፣ "አይዞሽ የኔ እናት፣ በውጭ በኩል እለፊ" ማለት ጀመረች። ሁለት ተወዳዳሪዎች ብቻ ሲቀሩ ጫማ አድርገን እንዳንረግጠው በምትከለክለን ምንጣፍ ላይ ከነጫማዋ ቆማለች። ጣሊያናዊቷ በጎማ ስፋት ቀደመች። የእማዬ እልልታ ቤቱን ሞላው፤ ጋሼም እስኪያነቡ ሳቁ።

ከትራኩ ዳር ሆኜ ለእማዬ ኮል አደረግኩላት። ልጃገረዶች ሳይክል ሲጋልቡ እያየሁ መሆኑን ነገርኳት። ተኝታ ነበር መሰለኝ፣ ድምፅዋ ጎርነን ብሏል።

"ማንኛዋ ናት የምትመራው?" አለችኝ።