ኦቦ ገመዳ ዳኩን ያዳመጡ ዕለት

ቡራዩ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ የተዘጋ ዕለት ነው። የስልክ ሙዚቃ ያጠራል የተባለ፣ ዳክ የሚሉትን ትንሽ ሳጥን ለሙከራ ተውሼ፣ ልግዛው አልግዛው እያልኩ ከስቴሪዮዬ ጋር ስታገል ሽማግሌው ጎረቤቴ ኦቦ ገመዳ መጡ።

«እንኳን መጡ! ጆሮዎን ያውሱኝ» ብዬ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው።

አንዱን ዘፈን በዳክና ያለ ዳክ እያፈራረቅኩ አሰማኋቸው። ሊናገሩ ሲሉ «ይቆዩማ፣ ይችን ብቻ!» እላለሁ።

«የቱ ይሻላል?»

«ጋሪዳ» አሉ በኦሮምኛ፤ «ሁለቱም ጥሩ ነው።»

እኚህ ሰውዬ ጆሮም የላቸው ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። ከሰዓቱ እንዲሁ አለቀ። ተስፋ ቆርጬ ስቴሪዮውን ሳጠፋው ኮታቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«ጨረስክ ልጄ? ጠዋት ልጄን ከመንገድ ወሰዱብኝ። ፖሊስ ጣቢያ አብረኸኝ ትሄድ እንደሆን ብዬ ነበር። አሁንማ ወደ ሌላ ቦታ ሳያዛውሩት አልቀሩም።»