ሮም ላይ የቆፈርኩት ጉድጓድ

ያ የደረቀ ጉድጓድ የማን ነበር? ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን መልስ የለኝም። በሰው ፊት ያደረቅኩት ግን እኔ ነኝ።

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሮም ውስጥ ፒኜቶ የሚባል ሰፈር አጠገብ ሲኞራ ኢዳ የሚባሉ አሮጊት እየተንከባከብኩ፣ ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስ እማር ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ከክፍሉ ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ፤ በዕድሜም ከመምህሩ ብዙ አላንስም።

ከሰፈራችን ወዲያ ላስቲክና ጎማ ይቃጠላል። ሁልጊዜ ጠዋት የሲኞራን የመስኮት ደፍ በነጭ ጨርቅ እወለውልና ጥቀርሻ የያዘውን ጨርቅ ሳላጥብ ቀን ጽፌበት አስቀምጣለሁ። የዓመቱ ጨርቅ አንድ ካርቶን ሞላ። ምኞቴ በአየር ጥናት ላቦራቶሪ ለልምምድ ከሚወሰዱት ሁለት ተማሪዎች አንዷ መሆን ነበር።

መራጩ መምህራችን ናቸው። ስለ አካባቢ ፍትሕና ስለ ዘር እኩልነት የሚወራበት ቀን ሲያዘጋጁ ንግግር እንዳደርግ ጠየቁኝ። ካርቶኔን ተሸክሜ ቢሯቸው ሄድኩ። አንዱን ጨርቅ በሁለት ጣት አንስተው መለሱት። ይህን ሌሎቹ ተማሪዎች ያጠኑታል፣ ከአንቺ የሚፈለገው የአገርሽ ድርቅ ነው አሉኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ እንዳደግሁ፣ ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ እንደነበረ ነገርኳቸው። የሰጠኋቸውን ነገር መልሼ የነጠቅኳቸው ይመስል አዘኑ።

"እሺ እንግዲያው፣ አንድ ጉድጓድ እንኳን አልነበረም?"

ላቦራቶሪውን አሰብኩ። "ሳይኖር አይቀርም" አልኩ።

በቀኑ ጥበብ ቀሚስ ለብሼ መድረክ ላይ ወጣሁ። የቀሚሱም ሐሳብ የእሳቸው ነው። ጉድጓዱ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ አዳራሹ ፀጥ ሲል አራት አደረግኩት፤ በመጨረሻም ጉድጓዱን አደረቅኩት። ሰው አለቀሰ። ስለ ሮም ጭስ የጠየቀኝ አልነበረም። የአዳራሹን መስኮት ግን ጭሱ እንዳይገባ ዘግተውት ነበር።

በሳምንቱ የሁለቱ ተማሪዎች ስም ተለጠፈ። የእኔ የለም። መምህሩ ጠርተው አጽናኑኝ።

"አንቺ ለእኛ ድምፅ ነሽ። መሣሪያውን ማንም ይነካዋል።"

የእኩልነት ኮሚቴ አባል አደረጉኝ። ፎቶዬንም ላቦራቶሪው በር ላይ ለጠፉት። በሩ የሚከፈተው በካርድ ነው፤ ካርድ አልተሰጠኝም።

የመምህሩስ ይሁን። ዛሬም የሚቆጠቁጠኝ የራሴ ነው። የመስኮት አቧራ ሳይቀር በቀን በቀኑ የምይዝ ሰው፣ ያልሄድኩበትን መንገድ አራት ሰዓት አልኩ።

ሁለት ዓመት ለማንም ሳልተነፍስ ቆየሁ። አንድ ጠዋት መስኮቱን ስወለውል ለሲኞራ ኢዳ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"እኔ በልጅነቴ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እዚሁ ሮም ከጉድጓድ ውሃ ቀድቻለሁ" አሉ። "እኔን ለምን አልጠሩኝም?"

ከዚያ የጠቆረውን ጨርቅ ከእጄ ወሰዱና መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን ጻፉበት።